ለኩላሊት የሚደርሱ መልእክቶች፤ ከእንጅባራ ብርድ እስከ ጃዊ ሐሩር

ከቆላ አገር ወደ እንጅባራ ለትምህርት የመጣ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሚያስተውላቸው ነገሮች አንዱ ሌሊት ደጋግሞ ከአልጋው የሚያስነሣው ሽንት ነው። ውኃ የጠጣው እንደ ወትሮው ነው፤ እንዲያውም ብርዱ ስለሚያስጠላው ያነሰ ጠጥቶ ይሆናል። ነገር ግን ሽንቱ በዝቶ፥ ቀለሙም ነጥቶ ያገኘዋል። በአንጻሩ ደግሞ ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ ተነሥቶ ለቀን ሥራ ወደ ጃዊ ቆላ የወረደ ሰው ቀኑን ሙሉ ውኃ ሲጠጣ ውሎ ማታ የሚሸናው ጥቂትና ቀለሙ የጠቈረ ሆኖ ያየዋል። ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው እንጅባራና ሐሩሩ የሚፋጀው ጃዊ ሁለቱም በአንድ በአዊ ዞን ውስጥ ናቸው። የሰውየውም ኩላሊት ያው የትናንቱ ኩላሊት ነው። ታዲያ ለኩላሊቱ «ዛሬ ደጋ ነህና ልቀቅ፤ ዛሬ ቆላ ነህና ያዝ» ብሎ የሚነግረው ማን ነው?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ጥያቄ በተቻለ መጠን ማብራራት ነው። ጽሑፉ የተጻፈው ለጤና ትምህርት ተማሪዎች ብቻ አይደለም። የሕግም ሆነ የእርሻ፥ የታሪክም ሆነ የሒሳብ ተማሪ ኩላሊት አለውና ሊያነበው ይገባል። ነገሩ ከፈተና ያለፈ ነው። ምክንያቱም ብዙዎቻችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝተን የምንውጠው የወገብና የራስ ምታት ክኒን ከነዚሁ መልእክቶች አንዱን የሚያቋርጥ ሲሆን፥ መልእክቱ በተቋረጠበት ሰዓት የሰውነታችን ሁኔታ ካልተመቸ ኩላሊቱ ሥራውን ሊያቆም ስለሚችል ነው። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

፩. የማጣሪያው አሠራር

በያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ በአማካይ ወደ 1,000,000 የሚጠጉ ጥቃቅን የማጣሪያ ክፍሎች አሉ። እያንዳንዱ ክፍል ኔፍሮን ይባላል። ኢጣልያዊው ማልፒጊ በ17ኛው መቶ ዓመት በአጉሊ መነጽር ተመልክቶ በኩላሊት ውስጥ እንደ ፍሬ የተንጠለጠሉ ትንንሽ ድብልብሎች መኖራቸውን ገልጾ ነበር። የነገሩን ምሥጢር በግልጽ ያሳየው ግን በ1842 እንግሊዛዊው ዊልያም ቦውማን ነው። እርሱ እንዳስረዳው ድብልብሉ የተጠቀለለ ቀጭን የደም ሥር ሲሆን፥ በዙሪያው እንደ ጽዋ ያለ ሽፋን አለው፤ ጽዋው ደግሞ ከረጅም ቧንቧ ጋር የተያያዘ ነው።

ደም በአንድ ትንሽ የደም ሥር ወደ ድብልብሉ ይገባል፤ በዚያም ይጣራል፤ ከዚያም በሌላ ትንሽ የደም ሥር ይወጣል። የደም ሕዋሳትና ፕሮቲን በደም ሥሩ ውስጥ ይቀራሉ፤ ውኃው፥ ጨው፥ ስኳርና ዩሪያ የተባለው ቈሻሻ ግን አልፈው ጽዋው ውስጥ ይወርዳሉ። ሥራው ጠላ እንደ ማጥለል ነው፤ ጠላው ይወርዳል፥ አተላው ይቀራል። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ ጠላ ስናጠልል የወረደውን ሁሉ እንጠጣዋለን፥ ኩላሊት ግን ካወረደው ውስጥ የሚበልጠውን በቧንቧው በኩል መልሶ ወደ ደም ያስገባና የማያስፈልገውን ብቻ ያስወጣል።

መጠኑን ስንሰማ እንገረማለን። በጤነኛ ጐልማሳ ሰው ሁለቱ ኩላሊቶች በያንዳንዱ ደቂቃ ወደ 125 ሚሊሊትር፥ በቀን ወደ 180 ሊትር ያጣራሉ። ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ነው። ከሕዋሳቱ ተለይቶ የሚቈጠረው የደም ፈሳሽ ወደ 3 ሊትር ስለሆነ፥ ያ ፈሳሽ በቀን ወደ 60 ጊዜ ይጣራል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ውኃ በማጣሪያው ውስጥ የሚገፋው የደም ግፊት ነው። በመማሪያ መጻሕፍት በሚሰጠው ግምት መሠረት በድብልብሉ ውስጥ ያለው ግፊት ወደ 60 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ከዚህ ላይ የደም ፕሮቲን ውኃውን ወደ ኋላ የሚስብበት ኀይል ወደ 32፥ በጽዋው ውስጥ የሚገኘው ግፊት ደግሞ ወደ 18 ነው። ሁለቱ ሲቀነሱ ለማጣራት የሚተርፈው 10 ብቻ ነው። እንግዲህ ይህ ቍጥር በአእምሮአችን ይቀመጥ። ኩላሊት የሚሠራው በጠባብ ትርፍ ነው፤ የድብልብሉ ግፊት በጥቂቱ ቢወርድ ማጣራቱ እጅግ ይቀንሳል። ስለዚህ ይህን ግፊት የሚጠብቅ ዘበኛ ያስፈልጋል።

፪. ሁለት በሮች

የመስኖ እርሻ ያየ ሰው የሚከተለውን ሳይቸገር ይረዳዋል። በአንድ ቦይ ላይ ሁለት በሮች አሉ እንበል፤ አንዱ መግቢያ፥ ሌላው መውጫ። በሁለቱ መካከል ያለው ውኃ ከፍ ወይም ዝቅ የሚለው በሁለቱም በሮች አያያዝ ነው። መግቢያው ሲጠብብ ውኃው ይወርዳል፤ መግቢያው ሲሰፋ ውኃው ይሞላል። መውጫው ሲጠብብ ውኃው መሄጃ አጥቶ ከፍ ይላል፤ መውጫው ሲሰፋ ይወርዳል።

የኩላሊት ማጣሪያም እንደዚሁ ነው። መግቢያው የደም ሥር ሲጠብብ ወይም መውጫው ሲሰፋ ግፊቱ ይወርዳል፥ ማጣራቱም ይቀንሳል። መግቢያው ሲሰፋ ወይም መውጫው በመጠኑ ሲጠብብ ግፊቱ ከፍ ይላል፥ ማጣራቱም ይጨምራል። እዚህ ላይ «በመጠኑ» የተባለው በምክንያት ነው፤ መውጫው ከልክ በላይ ከጠበበ የሚገባውም ደም ስለሚያንስ ጥቅሙ ይጠፋል። ከዚህ በኋላ የምናያቸው መልእክቶች ሁሉ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ የትኛውን በር ይይዛሉ? ይከፍታሉ ወይስ ያጠባሉ?

፫. የቦዩ ጫፍ ለቦዩ ራስ የሚልከው ወሬ

በጐጃም ባህላዊ መስኖ ላይ ውኃውን የሚያካፍል የውኃ አባት አለ። የውኃ አባት በቦዩ ራስ ተቀምጦ ብቻ ሊያስተዳድር አይችልም፤ በቦዩ ጫፍ ያለው ገበሬ «ውኃው በዛብኝ» ወይም «አልደረሰኝም» የሚለውን መስማት አለበት። በኩላሊትም ልክ ይኸው ሥርዐት ይገኛል። ከጽዋው የተነሣው ቧንቧ ወደ ታች ወርዶ፥ እንደ ወስፌ ቀጥኖ፥ ታጥፎ ሲመለስ የሚያልፈው ከተነሣበት ከራሱ ድብልብል አጠገብ፥ በሁለቱ በሮች መካከል ነው። በዚያ መገናኛ ቦታ ላይ ማኩላ ዴንሳ የተባሉ የተጠጋጉ ሕዋሳት አሉ። ሥራቸው በቧንቧው የሚያልፈውን ጨው መቅመስ ነው።

የሚያልፈው ጨው ከበዛ ማጣራቱ በዝቷል፥ ቧንቧውም መልሶ ለመውሰድ ጊዜ አላገኘም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሕዋሳቱ ኤ ቲ ፒ የተባለውን ንጥረ ነገር ይለቃሉ፤ ከእርሱም አዴኖሲን ይገኛል። አዴኖሲን በሌሎች ብዙ የሰውነት ክፍሎች የደም ሥርን የሚያሰፋ ሲሆን፥ እዚህ ግን መግቢያውን በር ያጠባል። ማጣራቱም ይቀንሳል። የሚያልፈው ጨው ካነሰ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ አዴኖሲን ይቀንሳል፥ ፕሮስታግላንዲን የተባለው መልእክት ይወጣል፥ መግቢያው ይሰፋል።

ስለ አዴኖሲን ከተነሣ ስለ ቡናም አንድ ነገር እንበል። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን አዴኖሲን የሚቀመጥበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። በኩላሊት ውስጥ ይህ ሲሆን ቧንቧው መልሶ የሚወስደው ጨውና ውኃ ስለሚቀንስ ሽንት በመጠኑ ይጨምራል። ቡና የለመደ ሰው ግን ይህ ብዙም አይታወቀውም። ስለዚህ በፈተና ሰሞን ሦስተኛውን ስኒ የሚጠጣ ጓደኛችን ስለ ኩላሊቱ ሳይሆን ስለ እንቅልፉ ቢያስብ ይሻለዋል።

፬. ሬኒንና አንጂዮቴንሲን

በ1898 በስዊድን አገር በካሮሊንስካ ተቋም ይሠሩ የነበሩት ቲገርስቴትና በርግማን የጥንቸል ኩላሊት ጭማቂ ወደ ሌላ ጥንቸል ደም ቢያስገቡ የእንስሳው የደም ግፊት ከፍ እንዳለ ተመለከቱ። ንጥረ ነገሩንም ሬኒን አሉት። ሥራቸው ግን ለብዙ ዓመታት ተረስቶ ቈየ። በ1934 አሜሪካዊው ሃሪ ጐልድብላት የውሻ ኩላሊት የደም ሥር በመቈንጠጫ ሲያጠብ የውሻው የደም ግፊት እንደሚጨምር አሳየ፤ ከዚያ በኋላ የሬኒን ነገር እንደገና ተነሣ። ወደ 1940 ገደማ በአርጀንቲናና በአሜሪካ የነበሩ ሁለት ቡድኖች፥ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፥ ሬኒን ራሱ የደም ሥር እንደማያጠብብና ሌላ ንጥረ ነገር እንደሚያስነሣ ደረሱበት።

ዛሬ የሚታወቀው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ኩላሊት ውስጥ ደም ሲያንስ ወይም በማኩላ ዴንሳ የሚያልፈው ጨው ሲቀንስ፥ በመግቢያው በር ላይ ያሉ ሕዋሳት ሬኒንን ይለቃሉ። ሬኒን ከጉበት የተሠራ አንድ ፕሮቲን ቈርጦ አንጂዮቴንሲን አንድን ያወጣል። ይህ ገና ጥርስ የሌለው ነው። ይልቁንም በሳንባ የደም ሥሮች ላይ የሚገኝ ሌላ ቈራጭ ኤንዛይም ሲቈርጠው አንጂዮቴንሲን ሁለት ይሆናል፤ ጥርስ ያለው ይህ ነው።

አንጂዮቴንሲን ሁለት የሰውነትን የደም ሥሮች ያጠባል፤ ውኃ ያስጠማል፤ ከኩላሊት በላይ የተቀመጠው እጢም አልዶስቴሮን የተባለውን ሆርሞን እንዲለቅ ያዛል። አልዶስቴሮን ቧንቧው ጨው እንዲቈጥብ የሚያደርግ ነው። በአገራችን ገበያ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ሆኖ ይሠራ እንደ ነበር እናውቃለን። ሰውነታችን ግን ከማንኛውም ነጋዴ አስቀድሞ ጨውን እንደ ሀብት ይቈጥር ነበር ማለት ይቻላል።

ለርእሳችን ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፤ አንጂዮቴንሲን ሁለት ከመግቢያው ይልቅ መውጫውን በር አጥብቆ ይይዛል። ጥበቡ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ደም በቀነሰ ጊዜ ሰውነት ሁለት የሚጣሉ ፍላጎቶች አሉት፤ ውኃና ጨው መቈጠብ ይፈልጋል፥ ቈሻሻውን ማጣራት ግን ማቆም አይችልም። መውጫው ሲጠብብ የሚገባው ደም ጥቂት ቢሆንም በድብልብሉ ውስጥ ያለው ግፊት አይወድቅም፤ ማጣራቱም ይቀጥላል።

፭. መግቢያውን ክፍት አድርጎ የሚይዘው ፕሮስታግላንዲን

በችግር ጊዜ መግቢያውንም የሚያጠቡ ኀይሎች አሉ። ፍርሃት፥ ድካም፥ የውኃ ማነስ ኖርአድሬናሊንን ያስነሣሉ፤ አንጂዮቴንሲንም ቢሆን ሲበዛ መግቢያውን አይምርም። በዚህ ጊዜ መግቢያው እንዳይዘጋ የሚከላከለው በዚያው በኩላሊቱ ውስጥ የሚሠራው ፕሮስታግላንዲን ነው። ሩቅ አይሄድም፤ በተሠራበት ሰፈር ሠርቶ እዚያው ይጠፋል።

ውኃ የጠገበ ጤነኛ ሰው በዚህ መልእክት ላይ ብዙም አይደገፍም። ውኃ ያነሰው፥ ያስመለሰው፥ ያስቀመጠው፥ ወይም ልቡና ጉበቱ የደከመ ሰው ግን ኩላሊቱ የቆመው በዚህ ምሰሶ ላይ ነው። በ1971 እንግሊዛዊው ጆን ቬን እንዳሳየው አስፒሪንና መሰሎቹ ሕመምን የሚያስታግሡት ፕሮስታግላንዲን እንዳይሠራ በመከልከል ነው። ዳይክሎፌናክም፥ አይቡፕሮፌንም፥ ኢንዶሜታሲንም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ክኒኑ ግን የወገቡን ፕሮስታግላንዲን ከኩላሊቱ ለይቶ አያውቅም።

፮. ስለ ብርድና ስለ ሐሩር የተጠየቀው ጥያቄ መልስ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በእንጅባራ ብርድ የቆዳ ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ደሙም ከእጅና ከእግር ሸሽቶ ወደ ደረት ይሰበሰባል። የልብ የላይኛው ክፍል ሲወጠር «ደም በዝቷል» ብሎ ይፈርዳል። በ1981 በካናዳ አዶልፎ ደ ቦልድና ባልደረቦቹ ከአይጥ ልብ የላይኛው ክፍል የወጣ ጭማቂ ለሌሎች አይጦች ሲሰጥ ብዙ ጨውና ውኃ እንደሚያሸናቸው አሳዩ። ልብ ደም መግፋት ብቻ ሳይሆን መልእክት መላክም ሥራው መሆኑ በዚህ ታወቀ። ይህ የልብ ሆርሞን መግቢያውን በር ያሰፋል፥ መውጫውን በመጠኑ ያጠባል፤ ስለዚህ ማጣራቱ ይጨምራል። በዚያው ጊዜ ከአንጐል ሥር የሚወጣውና ውኃን የሚያስቀረው ፀረ ሽንት ሆርሞን ይቀንሳል። ብርድ ላይ ላብም የለም። እነሆ ተማሪው ሌሊት ይነሣል።

በጃዊ ሐሩር ሁሉም ይገለበጣል። ላቡ ውኃና ጨው ይወስዳል፤ ልብ ይላላል፤ የልቡ ሆርሞን ይቀንሳል፤ ሬኒን፥ አንጂዮቴንሲን፥ አልዶስቴሮንና ፀረ ሽንት ሆርሞን ይነሣሉ፤ ሽንቱ ያንሳል፥ ይጠቍራል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ትእዛዝ መፈጸም ነው። አረቄ የጠጣ ሰው ደግሞ ውኃ ሳይተርፈው የሚሸናው አልኮል ፀረ ሽንት ሆርሞንን ስለሚከለክል ነው። የማግሥቱ ጥማትና የራስ ምታትም በከፊል ከዚህ የመጣ ነው።

፯. መልእክቱ ሲቋረጥ

እስቲ አንድ ወጣት እናስብ። ከዳንግላ አካባቢ ተነሥቶ የሸንኮራ አገዳና የሰሊጥ እርሻ ወዳለበት ወደ ጃዊ ቆላ ወረደ። ጐንበስ ብሎ ሲሠራ ስለሚውል ወገቡን ያመዋል። ላቡ ይፈሳል፤ የሚጠጣው ውኃ አይበቃውም። በሦስተኛው ቀን ተቅማጥ ያዘው። ሕመሙን ለማስታገሥ ዳይክሎፌናክ ገዝቶ ጧትና ማታ ዋጠ።

በኩላሊቱ ውስጥ የሚሆነውን አሁን ራሳችን ልንናገር እንችላለን። ደሙ ቀንሷል፤ አንጂዮቴንሲንና ኖርአድሬናሊን ተነሥተዋል፤ መግቢያው በር ክፍት የሆነው በፕሮስታግላንዲን ብቻ ነው። ክኒኑ ያንን አነሣው፤ መግቢያው ጠበበ፤ የድብልብሉ ግፊት ወረደ፤ ያ ጠባብ ትርፍ፥ ያ 10፥ አለቀ። ሽንቱ ቀርቶ ቈሻሻው በደሙ መከማቸት ይጀምራል። ቶሎ ከተደረሰበት፥ ክኒኑ ከቆመና ውኃና ጨው ከተተካ ብዙውን ጊዜ ኩላሊቱ ይመለሳል። ከዘገየ ግን የቧንቧው ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ነገሩም ከባድ ይሆናል።

የወጣቱን አባት ደግሞ እናስብ። የደም ግፊት አለባቸውና ኢናላፕሪል እና የሚያሸና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስዳሉ። ኢናላፕሪል አንጂዮቴንሲን ሁለት እንዳይሠራ ስለሚከለክል መውጫው በር ይሰፋል፤ የሚያሸናው መድኃኒት ደሙን ያሳንሳል። ሁለቱም በሐኪም ትእዛዝ ሲወሰዱ ጠቃሚዎች ናቸው። እኒህ አባት ጉልበታቸውን አሞአቸው ዳይክሎፌናክ ቢጨምሩበት ግን መግቢያው ጠበበ፥ መውጫው ሰፋ፥ የሚገባውም አነሰ። ሐኪሞች ይህንን የሦስት መድኃኒቶች ጥምረት አጥብቀው የሚፈሩት በዚህ ምክንያት ነው።

፰. መልእክቱን ለመድኃኒት ማዋል

መልእክቱን ማቋረጥ ሁልጊዜ ጉዳት ነው ማለት አይደለም። በብራዚል የሚኖር ጃራራካ የተባለ እባብ የነደፈው ሰው የደም ግፊቱ ይወድቃል። ብራዚላዊው ሰርጂዮ ፌሬራ በ1960ዎቹ የዚህን እባብ መርዝ መርምሮ ባገኘው ዕውቀት ላይ ተመሥርቶ አንጂዮቴንሲን ሁለትን የሚያወጣውን ቈራጭ ኤንዛይም የሚያግድ ካፕቶፕሪል የተባለ መድኃኒት ተሠራ፤ በ1981ም በአሜሪካ ተፈቀደ። ኢናላፕሪል የዚሁ ዘመድ ነው።

በስኳር በሽታ ጊዜ ቧንቧው የወረደውን ስኳር መልሶ ሲወስድ ጨውንም አብሮ ይወስዳል። ማኩላ ዴንሳ ጋ የሚደርሰው ጨው ስለሚያንስ «አልደረሰኝም» የሚል የተሳሳተ ወሬ ይሄዳል፤ መግቢያው ይሰፋል፤ ድብልብሉ ዓመት ከዓመት ከልክ በላይ ተወጥሮ ይጠፋል። በ1993 የታተመ ታላቅ ጥናት ካፕቶፕሪል መውጫውን በማላላት የስኳር ሕመምተኞችን ኩላሊት መውደቅ እንደሚያዘገይ አሳየ። ከ2019 ወዲህ በወጡ ጥናቶች ደግሞ ቧንቧው ስኳርና ጨው አብሮ እንዳይወስድ የሚከለክሉ አዳዲስ መድኃኒቶች ኩላሊትን እንደሚጠብቁ ተረጋግጧል፤ እነዚህ የቦዩን ጫፍ ወሬ የሚያርሙ ናቸው። እንግዲህ አንድ መድኃኒት በአንድ ሰው ላይ ጠባቂ፥ በሌላው ላይ ጐጂ ሊሆን የሚችለው በሩ በዚያ ሰዓት ባለበት ሁኔታ ነው።

፱. ማጠቃለያ

በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2015 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተጀምሯል። ይህ የሚያስደስት እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ንቅለ ተከላውም ሆነ ደም በመሣሪያ ማጣራቱ ለገበሬ ቤተሰብ የማይቀመስ ወጪ ያለው፥ ከቤትም የሚያርቅ ነው። የውኃ ጠርሙስና የአንድ ቃል ምክር ግን ከማናችንም እጅ አይጠፋም።

ስለዚህ ለክረምት ወደየቤታችን ስንሄድ ይህን ለቤተሰቦቻችን እንንገር። ላብ የሚያፈስ፥ የሚያስመልስ ወይም የሚያስቀምጠው ሰው የዳይክሎፌናክ ወገን ክኒን አይውሰድ፤ ውኃና ኦ አር ኤስ ይጠጣ። ለሕመም ማስታገሻ ካስፈለገው በተገቢው መጠን ፓራሲታሞል ለኩላሊት የተሻለ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ አያቁም፤ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዘው ግን ፈጥኖ ሐኪም ይጠይቅ። ሽንት ቀንሶ ከቀረ ወይም ፊትና እግር ካበጠ እስከ ነገ አይባልም።

ለመለማመጃ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. መግቢያውም መውጫውም በር እኩል ቢጠብቡ በማጣሪያው የሚያልፈው ደም ምን ይሆናል? ግፊቱስ?
2. ብዙ ጨው የበላ ሰው የሬኒን መጠኑ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? በማኩላ ዴንሳ በኩል አስረዱ።
3. በጐልድብላት ውሻ ላይ አንድ ኩላሊት ብቻ ሲቈነጠጥ የሰውነት ሁሉ የደም ግፊት የሚጨምረው ለምንድን ነው?
4. ክረምት በእንጅባራ ዳይክሎፌናክ የዋጠ ተማሪ ምንም ሳይሆን፥ በጃዊ የዋጠው ወንድሙ የታመመው ለምንድን ነው?

አራተኛውን ጥያቄ ያለ መጽሐፍ የመለሰ ሰው የዚህን ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይዟልና፥ ለአንድ ሌላ ሰው ደግሞ ያስረዳ።